ጋሽ ስንሻው ሲገቡ

ማክሰኞ ዕለት የወረባቦ ወረዳ ዝናብ ፈቃድ የተፈረመው ኮሪደር ላይ፣ ካርቶን ላይ ቁጭ ተብሎ ነው። ዝናቡ በሰዓቱ ዘነበ፤ ደመና ነጂዎቹ ድሮኖች ፊርማው የት እንደተፈረመ አይጠይቁም። ኮምቦልቻ ያለው የዝናብ ምደባ ቢሮ ሠራተኞች ግን ቀኑን ሙሉ በንዴት ጦፈው ዋሉ፤ ፈራሚው ጋሽ ስንሻው ነበሩና። በሩ ለእሳቸው አልከፈትም ካለ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ለሌላው ሰው ሁሉ ይከፈታል። ሻይ ለምታመጣው ሴትዮ ይከፈታል፤ መንገድ ጠፍቶት ለመጣ እንግዳም ይከፈታል። ጋሽ ስንሻው ሲጠጉት ብቻ "እንደምን አደሩ፤ ለጊዜው ከውጭ ይቆዩልን" ብሎ ዝግት እንዳለ ይቀራል። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንሥተው "እግዜር ይስጥልኝ" ይሉታል። በርም ቢሆን አክብሮ ከተናገራቸው አክብረው ይመልሳሉ።

ረቡዕ ጠዋት ከደሴ የተላከችው የሥራ ቦታ ደኅንነት ባለሙያ ሐመልማል ይህን ትርኢት ደረጃው ላይ ቆማ አየችው። በአምስት ዓመት ሥራዋ የተቃጠለ ሶኬት፣ የላላ መሰላል፣ እግር የሚጠልፍ ምንጣፍ ስትመረምር ኖራለች። ሽማግሌ መርምሪ ተብላ ስትላክ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

የቢሮው ደኅንነት በአስተዋይ ነው የሚጠበቀው። አስተዋይ የሚባለው ከወለል እስከ ጣሪያ ተዘርግቶ የሰውን እርምጃና ክብደት እየተከታተለ፣ አደጋ ሳይደርስ አስቀድሞ የሚገምት መሣሪያ ነው። ሠራተኞቹ ባጭሩ "ዘበኛው" ይሉታል። የሚናገርበት ሣጥን ድሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። መስቀያው ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ነገ ይሠራል፣ ከነገ ወዲያ ይሠራል ሲባል ሣጥኑ አንድ ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀረ። ወንበሩም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ባለጎማ፣ በራሱ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ስለዚህ ዘበኛውም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የራሱ መቀመጫ ነበረው ማለት ይቻላል።

የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ዘሐራ ለሐመልማል አንድ ወረቀት ሰጧት።

"አንብቢው የኔ እናት። ስትጨርሺ ከፈለግሽ ሳቂ፣ ከፈለግሽ አልቅሺ።"

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ "አቶ ስንሻው አስረስ። የአደጋ ደረጃ፦ ከፍተኛ። ከዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሐርቡ ጣቢያ ተመድበው እንዲሠሩ በአስተዋዩ ተወስኗል።"

"ሐርቡ ያለችው ጣቢያ አንዲት ክፍል ናት፤ ሰው የለባትም" አሉ ወይዘሮ ዘሐራ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። "ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሰው ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አራት ወር ነው፤ አራቱን ወር ከግድግዳ ጋር እንዲያወሩ ነው የተፈረደባቸው። እኔ ኃላፊ ብሆንም ይህን መሻር አልችልም። ሕጉ ሥልጣኑን ለእናንተ ለባለሙያዎቹ ብቻ ነው የሰጠው።"

ሐመልማል ወደ ሣጥኑ ዞረች። "ምን አደረጉ?"

"ገቡ" አለ ዘበኛው።

"ገብተውስ?"

"ሌላ ምንም። እሳቸው ሲገቡ አሥራ አንዱም ሠራተኛ 'ኖር' እያለ ከመቀመጫው ይነሣል። አቶ ስንሻው የስክሪን ምስል ስለማያምኑ ደመናውን በዓይናቸው ለማየት በቀን ስድስት ጊዜ ወደ ሰገነቱ ወጥተው ይመለሳሉ። ከጠዋቱ ጋር ሰባት መግባት ነው፤ በቀን ሰባ ሰባት መነሣት። በዚህ ዓመት የደረሱት አሥራ አራቱም ጉዳቶች የደረሱት በዚህ መነሣት ላይ ነው።"

"ሦስተኛው እኔ ነኝ!" አለ ኑሩ የተባለው ደመና ቆጣሪ፣ ሽልማት እንደሚቀበል ሰው እጁን አውጥቶ። "ኖር ብዬ ተነሣሁ፤ ልቀመጥ ስል ወንበሩ የለም። ተንሸራትቶ ሄዷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትራስ ይዤ ነው የዞርኩት።"

"ሰባተኛዋ እኔ ነኝ" አለች ፋንትሽ፤ የደመና ገበታው፣ ማለትም የወሎ ሰማይ በሙሉ የሚታይበት ትልቁ ጠረጴዛ፣ በእሷ እጅ ነው። "ስነሣ ሻዩን ገበታው ላይ ደፋሁት። የዚያን ዕለት ቃሉ ወረዳ ላይ ያለው ደመና ቡናማ ሆኖ ዋለ።"

"ለምን እንደሚነሡ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም" አለ ዘበኛው። "ሥራ አያፋጥንም። እሳቸው ራሳቸው አትነሡ ይላሉ።"

"እሳቸው ቆመው እኔ ስቀመጥ ወንበሩ ይቆረቁረኛላ!" አለ ኑሩ።

"የእርስዎን ወንበር መርምሬዋለሁ" አለ ዘበኛው። "የሚቆረቁር ነገር የለበትም።"

ሐመልማል ሣቋን ዋጠችና ቀላሉን መላ ሞከረች። ሠራተኞቹን ሰብስባ፣ ጋሽ ስንሻው ሲገቡ ማንም እንዳይነሣ አስማለቻቸው። ሁሉም ማሉ። ኑሩ ለመተማመኛ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ዘበኛው ለሙከራ በሩን ከፈተው።

ጋሽ ስንሻው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ፤ ረዘም፣ ቀጠን ያሉ፣ ከሁለት ቀን የኮሪደር ኑሮ በኋላም ከረባታቸው ያልተጣመመ ሰው ናቸው። ለአንድ አፍታ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፋንትሽ አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ዘሐራ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ከኋላ ያለ አንድ ሰው መቀመጫው ትንሽ ከፍ አለ፤ ከጎኑ ያለውም ተከተለው፤ ወዲያው ሁሉም ግማሽ ተነሥቶ ግማሽ ተቀምጦ፣ መሐላውንና ይሉኝታውን ሊያስታርቅ ሲንገዳገድ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ተፈተለኩ። አንዱ ወንበር የተከፈተ መሳቢያ መታ። ኑሩ ዳግመኛ መሬት ላይ ተገኘ፤ ደግነቱ አልተጎዳም።

"ኧረ ተቀመጡ! በሞቴ ተቀመጡ!" እያሉ ጋሽ ስንሻው ሊያስቀምጧቸው ሲሮጡ ወለሉ ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ጠለፋቸው። ሐመልማል ዘልላ ባትይዛቸው ኖሮ አሥራ አምስተኛው እሳቸው ይሆኑ ነበር። የያዘቻቸው ቀድማ ቆማ ስለነበረ ነው። መቼ እንደተነሣች ራሷም አታውቅም፤ ማስታወሻዋ እግሯ ሥር ወድቋል።

"ልጄ፣ ሐርቡ ልሂድ" አሏት በቀስታ። "ሰው እየጎዳሁ ከሰው ጋር ከምሆን ብቻዬን ብሆን ይሻለኛል።"

ይህን ብለው ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ። ሐመልማል ሥራዋን ትወዳለች፤ ሥራዋ እንዲህ ያለ ሰው ከሰው መሐል ማውጣት ከሆነ ግን እንደማትወደው በዚያች ደቂቃ ገባት።

"ዘበኛው፣ አሥራ አራቱንም ጉዳት ወለሉ ላይ አሳየኝ" አለች።

ወለሉ በራ። በአሥራ አራቱም ጉዳት የተጎጂዎቹ እርምጃ በቀጭን የብርሃን መስመር ተሰመረ፣ ሰው የወደቀበትም ቦታ በቀይ ታየ። ሐመልማል ጫማዋን አውልቃ መስመሮቹን አንድ በአንድ ተከተለቻቸው። የፋንትሽ መስመር ክዳን የሌለው ብርጭቆ ላይ አለቀ። የወይዘሮ ዘሐራ ጉልበት ያበጠበት መስመር ተከፍቶ የቀረ መሳቢያ ላይ አለቀ። አራቱ ገመዱ ላይ፣ ሰባቱ በባለጎማ ወንበር፣ አንዱ ጫፉ የተቀለበሰ ምንጣፍ ላይ። ሰው ስለተነሣ ብቻ የተጎዳበት አንድም መስመር የለም።

"እነዚህ ዕቃዎች ቀኑን ሙሉ እዚህ ናቸው" አለ ዘበኛው ሐሳቧን ስትነግረው። "ጉዳት የሚደርሰው ግን እሳቸው ሲገቡ ብቻ ነው።"

"ሌላ ጊዜ ሁሉም ስለሚቀመጥ ነዋ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እሳት ቢነሣ እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጋሉ?"

"በአንድ ጊዜ ይነሣሉ።"

"በየት ይሮጣሉ?"

ዘበኛው መልሱን በብርሃን ሰጠ። ወለሉ ላይ አሥራ አንድ አዲስ መስመሮች ተሰመሩ። በዚያው ገመድ፣ በዚያው መሳቢያ፣ በዚያው ምንጣፍ ላይ አልፈው በስተመጨረሻ የአደጋ ጊዜ መውጫውን የዘጋው ካርቶን ላይ ተከመሩ። ጋሽ ስንሻው የተቀመጡበት ካርቶን ነው።

"አየህ?" አለች ሐመልማል፤ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። "እኚህ ሰው አደጋ አይደሉም። በቀን ሰባት ጊዜ፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ የእሳት አደጋ ልምምድ የሚያሠሩን ሰው ናቸው። አንተ ደግሞ አስተማሪውን አባረርክ!"

"ይህን በስሌቴ አላስገባሁትም" አለ ዘበኛው። "ማስረጃ ግን ያስፈልገኛል። ዛሬ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ገብተው፣ ሁሉም ተነሥቶ አንድም ጉዳት ካልደረሰ ትእዛዙ በእርስዎ ፊርማ ይሻራል።"

ሰዓቱ ሰባት ሆኗል። ወይዘሮ ዘሐራ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ።

እንዲያ ያለ ከሰዓት ቢሮው አይቶ አያውቅም። ኑሩ ሁሉም ለዓመታት ሲዘልለው የኖረውን ገመድ ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሥር እየተሳበ ሄደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ገመዱ ከምንም ነገር ጋር እንዳልተያያዘ ታየ፤ ይሠራበት የነበረው ማሽን የተነሣው እሱ ሳይቀጠር በፊት ነው። ፋንትሽ ለሻዩ ሁሉ ክዳን ያለው ኩባያ አስመጣች፣ ምንጣፉንም በምስማር አስመታችው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለመድረስ በባለጎማ ወንበር ላይ መቆም የለመደ አንድ ሰው ከጎረቤት ቢሮ መሰላል ተውሶ መጣ፤ ዳግመኛ እንደማይመልሰውም በግልጽ ተናገረ።

የወንበሮቹ ጎማ ግን አስቸገራቸው። ሐመልማል መቆለፊያ ፍለጋ አንዱን ገልብጣ ስትመረምር ዘበኛው፣ "ሰው ሲነሣ ጎማው እንዲቆለፍ ማድረግ እችላለሁ" አለ።

ሁሉም ወደ ሣጥኑ ዞሩ።

"ትችላለህ? ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?" አሉ ወይዘሮ ዘሐራ።

"ዝም አላልኩም። እንዲፈቀድልኝ በአርባ አንድ ወርኃዊ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ስለ ገመዱም፣ ስለ መሳቢያውም ጽፌያለሁ። መልስ ስላልመጣ በራሴ ሥልጣን ሊወገድ የሚችለውን ብቸኛ ነገር ፈለግሁ።"

"ሪፖርቶቹ የት ናቸው?"

"ታትመው ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል። ኮሪደር ላይ።"

ወይዘሮ ዘሐራ ፊታቸው ቀላ። ወጥተው ጋሽ ስንሻውን በትሕትና ከካርቶኑ ላይ አስነሥተው ከፈቱት፤ እንደታሸገ ነበር። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የሣቀ የለም፤ ኑሩ "ጋሽ ስንሻው ግን ሪፖርቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍነውታል" እስኪል ድረስ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የቀረው የዘበኛው የራሱ ሣጥን ነበር። ወንበር ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ከባድ ዕቃ በሐመልማል መዝገብ አደጋ ነው። መስቀያውን ዛሬ ማስጠገን ስለማይቻል ሣጥኑን ከወንበሩ ጋር በቀበቶ ጥፍር አድርጋ አሠረችው።

"አመሰግናለሁ" አለ ዘበኛው። "ይህ በሃያ አራቱ ሪፖርት ውስጥ ነበር።"

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ማንም ማንንም አላስማለም። በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ስንሻው ፈራ ተባ እያሉ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ገቡ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። "ኖር! ኖር!" የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ወንበሮቹ ባሉበት ተተከሉ። ሻይ አልፈሰሰም፤ ጉልበት አልተመታም። ኑሩ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ወንበሩ መኖሩን አረጋገጠና ፊቱ በፈገግታ በራ።

ከገበታው በላይ ያለው ሰሌዳ ላይ የዘበኛው መዝገብ ወጣ፦ "ጉዳት፦ የለም። ትእዛዙ ተሽሯል። የተነሡ፦ አሥራ ሦስት።"

ጭብጨባው ሲበርድ ሐመልማል መዝገቡን ለመፈረም ቀረበች፤ ቁጥሩን ስታይ ግን እጇን ሰበሰበች። ሠራተኛው አሥራ አንድ ነው፤ እሷ ስትጨመር አሥራ ሁለት። ደግማ ቆጠረች።

"ዘበኛው፣ ተሳስተሃል" አለች። "አንድ ሰው አብዝተሃል።"

"አልተሳሳትኩም" አለ ዘበኛው።

ድምፁ ከወትሮው ከፍ ካለ ቦታ ነው የመጣው። ሁሉም ዞረው አዩ። ሣጥኑ የታሠረበት ወንበር፣ ማንም ሳያዘው፣ እስከሚችለው ድረስ ከፍ ብሎ ቆሟል።

ሐመልማል መዝገቡንና ወንበሩን አስተያየች። "አንተ ለምን ተነሣህ?" አለችው በመጨረሻ።

"ምክንያቱን እየፈለግሁ ነው" አለ ዘበኛው። "ለጊዜው መጻፍ የምችለው፣ ወንበሩ ቆረቆረኝ ብቻ ነው።"

ጋሽ ስንሻው ወደ ሣጥኑ ቀረቡ። ሁለት ቀን ከደጅ ያዋላቸው እሱ መሆኑን ያውቃሉ። ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡት።

"በእግዜር" አሉት። "በል ልጄ፣ ተቀመጥ።"

ወንበሩ ግን እሳቸው መጀመሪያ እስኪቀመጡ ድረስ ዝቅ አላለም።