እንደ ወረቀት የሳሳው አንቴና

ይህ በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ የደረሰብኝ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በቅርቡ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ። ያየሁትን ግን አልሳትኩም...

ልጄ አንቴና ትሠራለች። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን አይደለም። እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ስልክና ሰዓት ውስጥ የሚለጠፈውን ነው።

ሙያውን ያስተማረቻት አለቃዋ ናት። "እማ" ነበር የምትላት። እኔ ስለ ሥራዋ ስጠይቃት "አይገባሽም እማዬ" ብላ ታልፈኛለች። ከሴትየዋ ጋር ግን ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉ ስትስቅ እሰማለሁ።

እርር ድብን እል ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት የገባሁትም በሴትየዋ ቀንቼ ነው።

ሴትየዋ ከሁለት ወር በፊት ሞተች። አለቀስኩ... እፎይም አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የዚያን ቀን ልጄ አንቴናውን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ጠራችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣውን፣ የአንቴናውን ጉልበት የሚለካውን ቁጥር እንዳነብላት ፈለገች። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ሲለካ ማንም አይጠጋውም። የሰው ገላ ከቀረበው ቁጥሩ ይወርዳል። ማንም ከሌለ ዘጠና ነው።

"አርባ" አልኳት።

ልጄ በሩ ጋ ቆማለች። እኔ ክፍሉ ጥግ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ።

"ሠላሳ..."

አንድ ነገር እየቀረበው ነበር።

ልጄ ወደ በርጩማው አየች። ፈገግ አለች።

"እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በይ" አለች በለሆሳስ።

"የት ልግባ? ጀርባዬ ግድግዳ ነው።"

"አንቺን አይደለም እማዬ። እማን ነው።"

ቁጥሩ... ዘጠና ሆነ።

ፈራሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቱ ቅናቱ ባሰ። እኔን በዚያ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም።

ተነስቼ በርጩማው ጋ ሄድኩ።

"የኔ ልጅ ናት" አልኩ በሹክሹክታ።

ሁለቱን መዳፎቼን አንቴናው ላይ ጫንኩ። ለኔም ይውረድ ብዬ...

ዞሬ ቁጥሩን አየሁ።

ዘጠና።

ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩት።

ዘጠና...

ልጄ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ቁጥሩን አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ በርጩማውን፣ እኔ ያለሁበትን አየች።

"ጎሽ" አለች በረጅሙ ተንፍሳ። "አሁን አጠገቡ ማንም የለም።"

እጆቼ እላዩ ላይ ነበሩ።