የስምንተኛው ደረጃ በር

ሰውየው ሞቶም ጨዋታው አልቆመም ነበር።

የወንድሙ ልጅ ከሆስፒታል ላቦራቶሪ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ አምስት ሰዓት ላይ ቤት ስትገባ፣ መጀመሪያ የሰማችው ያንኑ ጢው ጢው የሚል ድምፅ ነው። አጎቷ እንደ ልማዱ በመስታወት በተዘጋው በረንዳ፣ ፀሐይ በሚመታው ወንበር ላይ ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። በእጅ የሚያዘው ትንሽ ጌሙ ጭኑ ላይ ነው። ራሷን ሲያማት ስለዋለ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጮኸችበት።

«ኧረ በቃህ አባባ! ዝጋው ይሄን ነገር፣ ጆሮዬን በላው!»

አልመለሰም። ጠጋ ብላ ትከሻውን ስትነካው አንገቱ ወደ ጎን ዘመመ። ደም ስትመረምር የኖረች ሴት ናት፤ የነካችው ሰው መሞቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ጌሙን አንስታ ልታጠፋው ስትሞክር ማጥፊያውን ሁለት ጊዜ ሳተችው። ሰው የጠራችው እሱን ካጠፋች በኋላ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ከሬሳው ላይ ቀና አለ። የሟቹ ከንፈር በውስጥ በኩል ቆስሏል፤ በጥርሶቹ መሃል የትራስ ክር ተገኝቷል። «ታፍኖ ነው» አለ። «ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ። ክፍሉ በፀሐይ ስለጋለ ከዚህ በላይ ማጥበብ አልችልም።»

ያጠበበችው ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ናት። ሁለቱን ቤቶች የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው። «እስከ አምስት ሰዓት ሲጫወት እሰማው ነበር» አለች ለፖሊሱ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ከዚያ እሷ ገባችና ‹በቃህ፣ ዝጋው› ብላ ጮኸችበት። ወዲያው ጸጥ አለ።»

ፖሊሱ ዞር ብሎ የወንድሙን ልጅ አያት። ምን እያሰበ እንደሆነ ገባት። እስከ አምስት ሰዓት በሕይወት ከነበረ፣ አምስት ሰዓት ላይ እዚህ ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ማን ነበር?

ኢንስፔክተሯ የመጣችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ሃምሳውን ያለፈች፣ አጠር ያለች ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ደረጃው አድክሟት ኖሮ ገና ሳትጠይቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ይሄ ጨዋታ የማን ነው፣ እህቴ?»

«እኔ ነኝ የገዛሁለት። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡበት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት። ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያሳየው እሱ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑ አልሄድ ብሎት… ጌሙ ከፊልም የተሠራ ነው። በሰማይ ላይ እያለ እሳት ስለተነሣበት መንኮራኩር። ፊልሙን ስልሳ ጊዜ አሳይቼዋለሁ ይል ስለነበር ደስ ይለዋል ብዬ ነው።»

«ሌላ ቤተሰብ የላችሁም?»

«አውቶቡስ የሚነዳ የእንጀራ ልጅ አለው። ሲኒማ ቤቱ ሲቃጠል አባቴ እዚያ ውስጥ ሞተ። አራት ዓመቴ ነበር። ያሳደገኝ እሱ ነው።»

«ጨዋታው ላይ ጎበዝ ነበር?»

ፈርታም ቢሆን ፈገግ አለች። «እሱ? በየሁለት ደቂቃው ነበር የሚሸነፈው። በተሸነፈ ቁጥር ጌሙ እንደ ድመት ያላዝናል፤ እሱ ደግሞ ይሳደባል። ስምንተኛው ደረጃ ላይ አንድ በር አለ። እዚያ ደርሶ ተቸንክሮ ቀረ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አሳየቻት። አጎቷ የደረሰበትን ደረጃ በየቀኑ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ላይ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት ይላል። የዛሬው ባዶ ነው።

«ትናንት፣ ‹ይሄን በር ካለፍኩ የምነግርሽ ነገር አለ› አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ‹እንግዲያውስ ሳትነግረኝ ልታረጅ ነው› አልኩት።» እንባዋ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ ሊያስሩኝ ነው?»

«ገና አልጨረስኩም» አለች ኢንስፔክተሯ። ማጽናኛ አልነበረም።

የወንድሙ ልጅ ጥጉ ላይ፣ ከፖሊሱ አጠገብ እንድትቀመጥ ተደረገ። የእጅ ሰንሰለቱ በፖሊሱ ቀበቶ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ታየዋለች፤ ሌላ ቦታ ለማየት ብትሞክርም ዓይኗ እዚያው ይመለሳል።

ቀጥሎ የገባው የአጎቷ የእንጀራ ልጅ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ነው። «ሁለት ሰዓት ላይ አዲስ ባትሪ አመጣሁለት» አለ፣ ኮፍያውን እያሻሸ። «‹ያንተ መንኮራኩር ከኔ አውቶቡስ ይልቅ ይበላል› አልኩትና ሳቀ። ሁለት ተኩል ላይ መኪናዬን አስነሣሁ። እስከ ስድስት ሰዓት መንገድ ላይ ነበርኩ። አርባ ተሳፋሪ ምስክሬ ነው፤ ግማሹ በአነዳዴ ተናዶብኛል፣ አይረሳኝም።»

ከእሱ በኋላ ሰፈሩ ‹ረዥሙ› የሚለው ሽማግሌ መጣ። ከሲኒማ ቤቱ ጊዜ ጀምሮ የሟቹ ጓደኛ ነው፤ ያኔ በር ላይ ትኬት ይቀበል ነበር። የወንድሙን ልጅ ግንባሯን ስሞ «አይዞሽ ልጄ» አላት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

«ከእሁድ ወዲህ አልመጣሁም» አለ ለኢንስፔክተሯ። «ጉልበቴ ደረጃ አላወጣ ብሎኛል። ዛሬም ከአራት ሰዓት ጀምሮ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነበርኩ፤ ጠይቁት።»

«እርስዎም ይጫወቱ ነበር?»

«እኔ? ማብሪያው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ቆንጆውን ፊልም ያበላሹበት ዕቃ!» ፊቱ ተቆጣ። «ካፒቴኑ በሩን ሲከፍተው እሳቱ ውስጥ የተቆለፈበት ሰውዬ እጁን እያውለበለበ ይወጣል። እንዲህ የሚባል ነገር የለም! በፊልሙ በሩ አይከፈትም፤ ሰውየው እዚያው ተቃጥሎ ይቀራል። ስልሳ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን በቀሚሷ ጠረገች። «እኔ እንኳ ፊልም ላይ የለሁበትም» አለች።

ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች። የወንድሙ ልጅ በስሱ ግድግዳ በኩል እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

«ዛሬ ሲሳደብ ሰምተሽዋል?»

«መሳደብማ! ጠዋት አፉ አላረፈም። ኋላ የሦስት ተኩሉ ዜና ሊጀምር ሲል ‹ከፈትኩት! ከፈትኩት!› ብሎ ሲጮህ ደንግጬ ጣቴን ወጋሁ። ይኸው፣ እዪው። ዜናውን ልሰማ ሬዲዮኔን ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ጨዋ ሆነ፤ አልተሳደበም፣ አንዴም አልተሸነፈም።»

«እስከ አምስት ሰዓት? አንዴም?»

«አንዴም። ያ ማላዘኑ አልመጣም። አንዱኑ ዜማ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። እኔም የስፌት መኪናዬን በእሱ ምት እረግጥ ነበር።» ልብስ ሰፊዋ አንጎራጎረችው።

አሥር ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ አራቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ጌሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አበራችው፤ ከዚያ ሳትነካው እጆቿን አጣጥፋ ጠበቀች። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት። ፖሊሱ ሰንሰለቱን ከቀበቶው ፈትቶ በእጁ ይዞታል።

ድንገት ጌሙ በራሱ ጢው አለ። ትንሿ መንኮራኩር ማንም ሳይነካት መብረር፣ መተኮስ ጀመረች። ዜማው አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ።

«እሱ ነው!» ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ይሄው ነው የሰማሁት!»

«ተጫዋች ሲያጣ ገዢ ለመሳብ ራሱን ያሳያል» አለች ኢንስፔክተሯ። «በየሁለት ደቂቃው የሚሸነፍ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሳይሸነፍ፣ ሳይሳደብ ሊጫወት አይችልም። ከሦስት ተኩል በኋላ የሚጫወት ሰው እዚህ አልነበረም። ልጅቱ የጮኸችው በሬሳ ላይ ነው። እስከ አራት ተኩል ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበረች፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ።»

የወንድሙ ልጅ አየር ሳብ አደረገች። ፖሊሱ ግን አሁንም አጠገቧ ነው።

«ሾፌሩ የሄደው ሁለት ተኩል ላይ ነው፤ ሟቹ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሳደብ ተሰምቷል። እንግዲህ ሦስት ተኩል ላይ እዚህ የነበረው ማነው?» መነጽሯን አደረገች። «ሟቹ ያንን በር እስከ ትናንት አልከፈተም፤ የቀን መቁጠሪያው ይናገራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው ዛሬ፣ ሦስት ተኩል ላይ ነው። ስልኩን አይተናል፤ ዛሬ ለማንም አልደወለም፣ ማንም አልደወለለትም። ስለዚህ ከበሩ ኋላ ያለው ሰው እጁን እያውለበለበ እንደሚወጣ ሊያውቅ የሚችለው አጠገቡ ተቀምጦ ያየ ሰው ብቻ ነው።»

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ወደ ረዥሙ ዞረ። «ጋሼ?»

«ሌላ ቦታ አይቼው ቢሆንስ?» አለ ረዥሙ።

«ማብሪያውን እንኳ አላውቅም ብለውኛል። ከእሁድ ወዲህም አልመጣሁም ብለዋል። ፊልሙን በቃልዎ ባያውቁት ኖሮ ያችን ነገር አይናገሯትም ነበር፤ ስህተቷ አናደደችዎትና አመለጠችዎት።»

ረዥሙ ለመነሣት ሞክሮ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ተመልሶ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«‹በጨዋታም ቢሆን ከፈትኩለት› አለኝ። ያለቅሳል። ‹ዛሬ ለልጅቱ እነግራታለሁ› አለኝ። ሠላሳ ዓመት ዝም ብለን ኖረን! ለምኜው ነበር። ዝም እንዲል ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«ምኑን ነው የሚነግረኝ?» አለች የወንድሙ ልጅ።

ኢንስፔክተሯም አላወቀችውም።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«የሲኒማ ቤቱን የኋላ በር» አለ ረዥሙ፣ መሬት መሬት እያየ። «ያለ ትኬት የሚሾልኩ ነበሩና ቆልፌው ነበር። እሳቱ ሲነሣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አባትሽ በዚያ በኩል ነበር።»

ለራሷ ስትፈራ የዋለችው ፍርሃት ከላይዋ ወርዶ፣ ሌላ፣ ከእሱ የቀዘቀዘ ተተካ። ጥያቄውን ባትጠይቀው ወደደች፤ ግን ከአፏ ወጣ።

«ያሳደገኝ አባባስ የት ነበር?»

ረዥሙ ቀና ብሎ አያት። «አብረን ነው የሮጥነው፣ ልጄ። ሲያንኳኳ ሰምተናል።»

ፖሊሱ አጠገቧን አልፎ ሄደ፤ ሰንሰለቱ የረዥሙ እጅ ላይ ሲዘጋ ሰማችው። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ነካ አደረገች። «በቃ እህቴ፣ አበቃ። ማንም ከቤትሽ አያወጣሽም። እኛም እንውጣልሽና እረፊ።»

ሁሉም ወደ ደረጃው መሄድ ጀመሩ። የወንድሙ ልጅ ፀሐይ የሸሸበትን በረንዳ፣ ወንበሩን፣ በእርሳስ የተጻፉትን ቁጥሮች አየች። ቀኑን ሙሉ ከዚህ ቤት ያወጡኛል ብላ ስትፈራ ውላ፣ አሁን እዚህ ብቻዋን መቅረት አስፈራት። ሮጣ ወጣችና የልብስ ሰፊዋን እጅ ያዘች።

«እትዬ፣ እባክዎ፣ እርስዎ ጋ ልቀመጥ?»

ልብስ ሰፊዋ ቀትር ላይ ለፖሊሱ የተናገረችው ትዝ ብሏት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ከዚያ የተወጋ ጣቷን ከልጅቱ ጣቶች ጋር አቆላልፋ ጨበጠች።

«ነይ እታለም» አለች። «ነይ ግቢ። መኪናዬንም አልነካ ዛሬ።»