የሚስቁት ፊደሎች

«በቀጮ ፊደል ይሁን» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ወረቀቱን ኮምፒዩተሩ አጠገብ አስቀምጠው። «ያ ሳቂታው። ሰው ሲያየው ፊቱ ይፈታል።»

ቀጮ ራሷ እዚያው ቆማለች። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል እንደሆነች ሦስት ሰው ከገባባት ትጨናነቃለች። ጎንበስ ብላ አነበበች፦ «መልካም ዜና! ሜዳችን ወደ ዘመናዊ የመኪና ማቆሚያ ያድጋል።» የሴቶቹ ቡድን ከዚያ ሌላ ሜዳ የለውም፤ በረኛዋ ደግሞ እሷ ናት።

ፊደሎቹ የተወለዱትም ለዚያው ሜዳ ነው። ጎሉን በቀቡበት ብሩሽ የግጥሚያ ማስታወቂያ ስትጽፍ፣ አንገታቸውን ዘንበል፣ እግራቸውን ዘርጋ ያደረጉ ፊደሎች ወጡላት። ሰዉ ወደዳቸው። የክፍሏ ልጅ ሊቁ፣ ኮምፒዩተር ላይ እጁ የሚፈታው፣ «ሁሉንም ጻፊልኝ፣ ፎንት አድርጌ ኮምፒዩተር ላይ እጭነዋለሁ» አላት። የእረፍቱን ወር ሙሉ ተቀምጣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱንም በብሩሽ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ የድራማ ፖስተሩ በእሱ፣ ማሊያው በእሱ፣ የሻይ ክበቡ ሰሌዳ በእሱ ሆነ።

«ጋሼ፣ ለዚህ አይሆንም» አለች።

«ለምን? አያምርም እንዴ?»

«ያምራል እንጂ። መርዶ ግን በሳቅ አይነገርም።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «መርዶ ያልሽው አንቺ ነሽ። ሊቁ፣ ጻፈው።»

ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ሊቁ አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ። «ፎንት እኮ ነው፤ አታካብጂ» አላት በሹክሹክታ። «ከሚኒ ሚዲያ ክበቡ ያስወጡናል።»

ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። ቀጮን የባሰ ያናደዳት ማማሩ ነው። እሷ እንኳ፣ ጉዳዩን እያወቀች፣ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

ዓይኗን በጨው አጥባ ማውሱን ከሊቁ እጅ ወሰደች። ፎንቱን ፈልጋ ከኮምፒዩተሩ አጠፋችው። ጽሑፉ ተመልሶ ሲከፈት ፊደሎቹ ቀጥ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ «መልካም ዜና» የሚለውም የቅጣት ደብዳቤ መሰለ።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«የኔን ወሰድኩ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሚኒ ሚዲያ የሚባል የለሽም።» ወደ ሊቁ ዞሩ። «ቅጂው አንተ ጋ አለ አይደል? መልሰህ ጫነው።»

ሊቁ ከኪቦርዱ ቀና አለ። «እኔ ጋ... የለም፣ ጋሼ።»

ፎንቱ ያለበት ፍላሽ ግን አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሊቁ ውሸት አይችልበትም፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ቀጮን አሳዘናትም፣ ወደደችውም። እንዲህ ተሸፋፍኖ እንዲያልቅ ግን አልፈለገችም።

ማንጠልጠያውን በጭንቅላቱ በኩል ቀስ አድርጋ አወጣችና የራሷ አንገት ላይ አጠለቀችው።

«አለ፣ ጋሼ» አለች። «እዚህ ነው። እሱን አይጠይቁት፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከውጭ ኳስ ሲመታ ይሰማል። ፍላሹን እንዳንጠለጠለች ወደ ሜዳው ወጣች፤ ልምምዱ ተጀምሯል፣ ጎሉም ባዶ ነው።