ሦስት ጊዜ የተጠራው ሰው

«ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አንድ ጊዜ እንኳ አቤት ማለት ያቃተው ሰው የሞተበትን ግቢ ለማየት ብዬ እሑዴን አላቃጥልም!» አለ ገመቹ፣ ካፖርቱን እንደ ለበሰ አልጋው ላይ ተመልሶ እየተጋደመ።

«ሰው የምትለው እኮ አባትህን ነው» አለው ተፈራ።

«አባቴ ቢሆንስ? ክረምቱን ሙሉ ደጅ ሲጠና ከርሞ በተጠራበት ቀን ጠጅ ቤት ነበር። የቡና መሬታችን ያለቀለት ያን ቀን ነው። እኔ ምን ላድርገው?»

«ጠጅ ቤት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ታዲያ የት ነበር? ንገረኛ! የት ነበር?»

ተፈራ መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ፣ ጫማዬ ግን ታስሮ ካለቀ ቆይቷል።

ወዳጄ፣ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እወቅልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም፣ አምኜም አላውቅም። ልጆች ሳለን ሶር ፏፏቴ ሥር የሰው ስም የሚጠራ አለ እየተባለ ስንፈራራ፣ ቁልቁል ወርጄ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የራሴን ስም ሦስት ጊዜ ጮኼ የተመለስኩት እኔ ነኝ፣ ከውሃው ጩኸት በቀር የሰማሁት የለም። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ስነግርህ ደስ እያለኝ አይደለም፣ እመነኝ።

ሦስት ነበርን። ተፈራ ተማሪ ቤት ያስተምራል፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው ነው። ገመቹና እኔ መቱ ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተን በአንድ ጣሪያ ሥር እንኖራለን፣ እሱ ቡና መጋዘን ይሠራል፣ እኔ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላነበበልኝም፣ ጓደኞቼ «ባለ ቅኔው» እያሉ ያሾፉብኛል።

የገመቹ አባት ኦቦ ዲንሳ ጉተማ ይባሉ ነበር፣ የያዮ ሰው ናቸው። ጠላት ከወጣ በኋላ የቡና ጫካቸውን አንድ ጉልበተኛ ወሰደባቸው፣ እሳቸውም ለአቤቱታ ጎሬ ወዳለው ወደ አገረ ገዢው ራስ ቤተ መንግሥት ሄዱ። አማርኛ አያውቁም ነበር። ገመቹ ከያዮ እስከ ጎሬ በእግር ሲያደርሳቸው አንዲት ቃል አስተማራቸው፣ «ስምህ ሲጠራ እንደ አገራችን ዬ አትበል አባ፣ እዚያ አቤት ነው የሚባለው» እያለ። ሽማግሌው ግን ቃሏን ጨርሰው መዝጋት አልሆነላቸውም፣ «አቤቲ» ይሉ ነበር፣ ገመቹ ይህን ሲያወራልን ስንት ቀን ስቀናል። ክረምቱን ሙሉ በሩ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ ጸሐፊው ለገመቹ ያለው ይህን ብቻ ነው፣ «አባትህ ሦስት ጊዜ ተጠርተው ስላልቀረቡ መዝገቡ ተዘግቷል።» ሽማግሌው ይህን ሳይሰሙ፣ ነገ እጠራለሁ እያሉ፣ በጎን ውጋት እዚያው ሞቱ። ገመቹ ቀብሮ ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ መቃብሩን አልረገጠም።

የት እንደ ነበሩ እኔ አውቅ ነበር። እደርስበታለሁ።

ያን እሑድ ተፈራ ለምኖም አሹፎም አስነሣው፣ «አባትህን ባትወድ ቤተ መንግሥቱን ውደድ፣ ገዢው ራስ ወደ አዲስ አበባ ከሄዱ ወዲህ እንደ እኛ ያለ ድኻ እየገባ ያየዋል» ብሎ። ጨው በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን፣ ተፈራ የጫካ ማር ጠጅ በጠርሙስ ይዟል፣ ጎሬ ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ስለ ነበር ቤተ መንግሥቱን ያየነው አጥሩን በእጃችን ነክተን ነው ብልህ ማጋነን አይሆንም።

ጠባቂው ጋሼ ወልዴ የሚባሉ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ አሮጌ ወታደር ነበሩ። ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ፣

«እዩ፣ ንኩ፣ ተቀመጡ፣ ግድ የለኝም» አሉን። «ስም ግን አትጥሩ። ውስጥ ብትጠፋፉ አፏጩ።»

«ለምን ጋሼ?» አለ ተፈራ።

«እዚህ ቤት ስማቸውን ሲጠብቁ የሞቱ ብዙ ናቸው፣ ልጄ።»

ተፈራ በክርኑ ጎሸመኝ፣ እኔም ሳቄን ዋጥኩ።

መጀመሪያ የገባነው ባለጉዳይ ተራ ይጠብቅበት ከነበረው ክፍል ነው። ግድግዳውን ተከትሎ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፣ አቧራው ያስጽፋል፣ እኔም እጄ አላርፍ ብሎ በጣቴ አንድ ስንኝ ጻፍኩበት። የወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ወደ አዳራሹ ከሚያስገባው በር አጠገብ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ቦታ አቧራ የለውም። ነካሁት። እርጥብ ነው። እጄን ባሸትተው የረጠበ ጋቢ ይሸታል። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፣ ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ የለም።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እሱ ቦታ እንዲሁ ነው» አሉና ቁልፋቸውን ይዘው ወደ ውጭ በር ተመለሱ።

አዳራሹ ውስጥ ከገባን በኋላ በሩን ማን እንደ ዘጋው አላስታውስም። ጠጁ ዞረ። ተፈራ ከፍ ካለው መደብ ላይ ወጥቶ ጋቢውን እንደ ሹም አጣፍቶ ተቀመጠ፣ እኔ ጥግ የቆመ የመጥረጊያ እንጨት አንሥቼ አጋፋሪ ሆንኩ፣ ገመቹ እንኳ ፊቱ ፈታ ብሎ ባለጉዳይ ልሁን አለ።

«ባለጉዳይ የመቱ ዝናብ!» ብዬ ወለሉን በእንጨቱ መታሁት።

«አቤት!» አለ ገመቹ እጅ እየነሣ።

«ምን በደሉህ?»

«ጌታዬ፣ ዓመቱን ሙሉ ሠርቼ አንድ ቀን ዕረፍት አልተሰጠኝም።»

«ነገ ተመለስ!» አለ ተፈራ ጺም ሳይኖረው ጺሙን እያሻሸ።

«ባለጉዳይ የቡና ገዢው ሚዛን!»

«አቤት! ጌታዬ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ልቁም እላለሁ፣ የጌታዬ ጣት አይለቀኝም።»

«ነገ ተመለስ!»

ሳቅን፣ አዳራሹ ሳቃችንን ትንሽ ዘግየት እያለ ይመልስልናል። ገመቹ እንዲያ ሲስቅ ካየሁት አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ ምናልባት እሱ ነው ያሳበደኝ፣ ምናልባት ጠጁ ነው፣ ወይም ደግሞ ያን ስም ተሸክሜው መኖር ሰልችቶኝ ነበር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ እንጨቱን አነሣሁና፣

«ደምሴ ጉተማ!» አልኩ።

«እሱ ደግሞ ማነው?» አለ ገመቹ ገና እየሳቀ።

«ደምሴ ጉተማ!» አልኩ ሁለተኛ።

ከበሩ ማዶ አግዳሚ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ብዙ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን ይዞ ሲነሣ እንደሚለው ያለ። ተፈራ ከመደቡ ወርዶ ቆመ፣ «ጋሼ ወልዴ ናቸው» አለ፣ በሹክሹክታ። ከዘራ ወለሉን ነካ። ኳ። ኳ። ወደ በሩ ቀረበና ቆመ። እመነኝ፣ ሦስተኛውን የጠራሁት ማንም አለመኖሩን ላሳያቸው ብዬ ነው።

«ደምሴ ጉተማ!»

«አቤቲ!»

ችኩል፣ ተስፋ ያለው፣ ደስ ያለው ድምፅ ነበር። እንኳን የፈራ፣ የደነገጠ እንኳ አይመስልም። ክረምቱን ሙሉ ያጠናትን አንዲት ቃል በመጨረሻ የሚጠቀምባት ሰው ድምፅ። ገመቹን አየሁት፣ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቋል፣ ከንፈሩ «አባ» አለ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም።

አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። አጋፋሪ ጠርቶ ዝም አይልም። ከአፌ ምን እንደ ወጣ ታውቃለህ?

«ነገ ተመለሱ!»

ከዚያ ከዘራው፣ ኳ፣ ኳ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይቆጣ፣ እንዲያ ሲባል የኖረ ሰው እንደሚሄድ ርቆ ሄደ፣ በእንጨቱ ወለል ላይ፣ በድንጋዩ ደረጃ ላይ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ ሲደርስ ጠፋ። ገመቹ በሩን በትከሻው ከፈተው። ማንም የለም። የውጭው በር ላይ ጋሼ ወልዴ ሳንጃቸውን ይወለውላሉ፣ ወጪ ገቢ እንዳላዩ በመስቀል ማሉ። እርጥቡ ቦታ አሁን ውሃ እያንጠባጠበ ነው። በጣቴ ከጻፍኩት ስንኝ ሥር ደግሞ፣ ማንበብ የማይችል ባለጉዳይ በሚፈርምበት ቦታ፣ የአውራ ጣት አሻራ ነበር።

ገመቹ አሻራውን ብዙ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«አባቴ ደምሴ ሲባል ለምን አቤት አለ?» አለኝ።

ነገርኩት። የኦቦ ዲንሳን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዲንሳ ስም የገባ ማመልከቻ ከሥር ይቀበራል፣ አማርኛ ስም ይሻላቸዋል ብዬ ነው ልለው ጀምሬ ነበር፣ ሰውም ያደርገዋል፣ ትምህርት ቤትም ያደርገዋል። ግን እርጥቡ ወንበር ፊት ቆሜ መዋሸት አልቻልኩም። ማመልከቻውን በግጥም ነበር የዘጋሁት፣

«ሌላ የለኝምና ከፍትሕ በቀር ለነፍሴ፣
ደጅዎ ቆሜያለሁ አገልጋይዎ ደምሴ።»

ዲንሳ ቤት አልመታልኝም። አንብቤ ስሰጣቸው ስሙን መለወጤን መንገር ረሳሁ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን አጥቅሰው ፈረሙ፣ መረቁኝም። በተጠሩበት ቀን በሩ ላይ ነበሩ። አጋፋሪው ሦስት ጊዜ ደምሴ ሲል ዞር ዞር ብለው ደምሴ የተባለውን ዕድለኛ ሰው ፈልገው ይሆናል። መዝገቡን በኋላ ያየሁት እኔ ነኝ። አየሁ፣ ዝም አልኩ።

«ቤት እንዲመታልህ?» አለኝ ገመቹ።

«አዎን።»

«ቤትህ ሲመታ ቤታችን ፈረሰ በለኛ።»

ገመቹ አባቱ ወደ ተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በዝናቡ ውስጥ መቃብሩን ፈለገው፣ ሣሩ ከሌላው መቃብር ጋር ስላመሳሰለው የትኛው እንደ ሆነ ሳይለየው ቀረ፣ አንዱ ጋ ተንበርክኮ፣ ተነሥቶ ሌላው ጋ ደግሞ ተንበረከከ። ሲመሽ መቱ ተመለስን። ተፈራ መኪናው ላይ «ነፋስ ነው» አለ፣ ዛሬም ብትጠይቀው ነፋስ ነው ይልሃል፣ ግን ተማሪዎቹን ስም መጥራት ትቷል፣ በዓይኑ ነው የሚቆጥራቸው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የክፍላችን በር በከዘራ ተነካ። ኳ። ኳ። ኳ። «አቤቲ» አለ ድምፁ ከደጅ። ነገ ተመለሱ ብዬ የለ፣ ተመለሰ። ገመቹ ተነሥቶ ከፈተው፣ ከእርጥቡ ደፍ በቀር ምንም የለም። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ።

አሁን ማንኳኳቱ ቆሟል። ገመቹን ግን መቱ ያየው የለም፣ ያዮም አልገባም። ባለፈው ጎሬ ደርሼ ጋሼ ወልዴን ብጠይቃቸው አንድ ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተው፣ «አግዳሚው ላይ እርጥቡ ቦታ የሁለት ሰው ሆኗል» አሉኝ። ማንኳኳቱ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌው ሲያንኳኩ ቢያንስ የሚጠብቁት ነገር አላቸው ማለት ነው። አሁንም ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ስም ላይ ስደርስ ባለጉዳዩን ሦስት ጊዜ እጠይቀዋለሁ፣ ተቆጥተው የሄዱብኝ አሉ። ግጥም አልጽፍም።

ገመቹ የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ካፖርቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይጠብቃል። ኳ። ኳ። ኳ።

«አቤቲ።»

«በለዋ» አለኝ ገመቹ።

«ምን ልበለው?»

«ግቡ በለው። አንተ አይደለህ የቀጠርከው?»

አፌን ከፈትኩ። ግቡ ብዬ ምን ልላቸው ነው፣ ጫካው የሌላ ሰው ነው፣ መዝገቡ ተዘግቷል፣ የምሰጣቸው የለኝም። ብላሽ ነው ወዳጄ፣ የምላስ ነገር፣ ከአፌ የወጣው ያው ነው።

«ነገ…» አልኩ።

ገመቹ አልተቆጣም። ያ ነው የሚያስፈራኝ። ተነሣ፣ አንገቱን ወደ በሩ አዘንብሎ በራሳቸው ቋንቋ፣ «ዱፌ፣ አባ፣ መጣሁ» አለ።

«ገመቹ፣ የት ልትሄድ ነው?»

«ስሙን የሚጽፍለት ሰው ልፈልግለት» አለና ወጣ፣ በሩንም ባለጉዳይ የሹም በር እንደሚዘጋ፣ በሁለት እጁ፣ ድምፅ እንዳይሰማ አድርጎ ዘጋው።