የጓርማ ግንብ ቁመት

በዘርቃም መንግሥት ጀንበር በደም ተከባ በወጣችበት ዕለት፣ የውኃ ጉድጓዶች ሁሉ መረሩ። ክንፋሙ ዘንዶ ጓርማ ውኃን የሚያጣፍጠውን ዕንቁ ከቤተ መቅደሱ ነጥቆ ወደ ጥቁር ግንቡ አናት አውጥቶት ነበር። መራራውን ውኃ የጠጡ ሕፃናት ሆዳቸው እየተነፋ ያልቁ ጀመር። ከታመሙት አንዷ የወጣቷ ከፍታ ለኪ የሐመልማል ልጅ ነበረች።

ግንቡን የሚፈላ ረግረግ ከቦታል። ረግረጉ በሰባት ዓመት አንድ ቀን፣ ጓርማ ሲተኛ ብቻ ይደርቃል፤ ለዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። መሰላሉ አስቀድሞ መሠራት አለበት፤ ረግረጉን ተሻግሮ ቁመቱን በገመድ የሚለካ ግን የለም። ስለዚህ ሐመልማልና ታላቅ ወንድሟ ተካበ ከሩቅ ሊለኩት ተላኩ።

የዘርቃም ለኪዎች ከፍታ የሚለኩት ተንበርክከው ነው፤ ሕጋቸው ነው። ሐመልማል ግን የማዕዘን መለኪያዋን ይዛ ቆመች። ተካበ ሕጉን ቢያስታውሳት፣ «ሌባ ፊት አልንበረከክም» አለችው። ኩራቷ ደስ አለውና ተዋት፤ ቢቆጣት ይሻለው ነበር።

ከመጀመሪያው ቦታ የግንቡ ጫፍ በሠላሳ ዲግሪ ታያት። ስልሳ ክንድ ወደፊት ተራምዳ ብታይ ስልሳ ዲግሪ ሆነ። የቀረው ስሌት ነው፤ እስከ ግንቡ ሥር ሠላሳ ክንድ፣ ከዓይኗ በላይ ያለው ቁመት ሃምሳ ሁለት ክንድ። ከመሬት እስከ ዓይን ያለውን ለመጨመር የአባቶችን ሠንጠረዥ ገለጠች፤ «ሁለት ክንድ» ይላል። ጨመረች። ሠንጠረዡ የተጻፈው ለተንበረከከ ሰው መሆኑ ትዝ አላላትም።

በቁርጡ ቀን ሐመልማል ልትወጣ ሰይፍ ታጠቀች፤ አርባ ተሸካሚዎችም የሃምሳ አራት ክንዱን መሰላል ግንቡ ሥር አቆሙት። አንድ ክንድ ከስንዝር አነሰ። የግንቡ ጫፍ እንደተላጨ ራስ ለስላሳ ነው፤ እጅ አይዝም። ከመሰላሉ ሥር የሚያስገቡት ድንጋይ ቢፈልጉ፣ ረግረግ ድንጋይ ከየት ያመጣል? ሐመልማል ስህተቷ የገባት ያኔ ነው፤ የለካችው ቆማ ነበር።

ተካበ በእጁና በጉልበቱ መሬት ላይ ተደፋ። መሰላሉን ጀርባዬ ላይ አቁሙት አላቸው። እሷ እንቢ ስትል ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ ልጅሽ ለነገ አትደርስም። ከወጣሽ በኋላ ምንም ብትሰሚ እንዳትመለሺ፤ ማዪልኝ።»

«ከተመለስኩ ልጄ ትሙት» ብላ ማለች።

የግንቡ አናት ላይ ስትደርስ ጓርማ ነቅቶ አገሳ። ረግረጉ መፍላት ጀመረ፤ አርባዎቹም ሸሹ። ተካበ ሲጮኽ ሰማች፤ ደጋግሞ ጮኸ፤ ስሟን ግን አንድ ጊዜም አልጠራም። እያለቀሰች ከዘንዶው ጋር ተናነቀች፤ አንገቱንም ቆረጠችው። ያኔ ረግረጉ ቀዘቀዘ፤ ከታችም ድምፅ ጠፋ። ዕንቁውን በጉያዋ ይዛ ወረደች። ከመጨረሻው እርከን በኋላ እግሯ ያረፈው የወንድሟ ጀርባ ላይ ነው፤ ተካበ እንደተደፋ ተቀቅሎ፣ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል።

ጉድጓዶቹ ጣፈጡ፤ ልጇም ዳነች። ተሸካሚዎቹ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለው አሟት፤ የሸሸ ሰው ምላሱ ረጅም ነው። ንጉሡ በአደባባይ የወርቅ ሐብል ሊያጠልቅላት ሲነሣ፣ እሷ ቀደመችው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ግንቡ ሃምሳ አምስት ክንድ ከስንዝር ነው። እኔ ሃምሳ አራት ብዬ ነበር። ወንድሜን ዘንዶው አልገደለውም፤ እኔ ነኝ።»

ንጉሡ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ይህን ሁለተኛ እንዳትናገሪ። ሕዝቡ ጀግና ይፈልጋል» አላትና ሐብሉን አጠለቀላት። ሐመልማል አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ልጇ ከሕዝቡ መሀል ታጨበጭብ ነበር።