አያ ተገኘ ሦስቴ የሚያዞሩት ቁልፍ

የሞተ ሰው ታየ፣ ቡዳ በላው ሲባል ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቆሰበር ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ ጀምሮ "መኪናዬን ዓይን በላት" እያለ የሚመጣውን ሁሉ "ዓይን ካንዴላ አያበላሽም" እያልኩ ነው የምመልሰው፣ ስለዚህ ይሄን የማጫውታችሁን እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም፣ እኔ ራሴ ገና አልተቀበልኩትም። ብቻ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

ክረምት ነበር፣ የኛን አገር ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ እስከ ረፋድ ከአስፋልቱ አይነሳም። ስማቸው የሚባል የአዲስ ቅዳም ልጅ ሚኒባሱን አስገፍቶ መጣ፣ ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩ ይንተፋተፋል እንጂ ቶሎ አይነሳም። "አባቴ በሕይወት እያለ አንድ ቀን አስቸግራ አታውቅም፣ እኔ ስይዛት ነው የለገመችው" አለኝ። አባቱ አያ ተገኘ በዓቢይ ጾም ነው የሞቱት፣ መኪናዋ የሳቸው ነበረች። ልጁን ያስጨነቀው ግን ሥራው አልነበረም፣ ሚስቱ ትርንጎ መውለጃዋ ደርሷል፣ የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ስለወለደች ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው ተብላለች፣ ምጥ ሲይዛት መኪናዋ እንቢ ካለች ሁለት ነፍስ መጥፋቱ ነው።

ካንዴላውን አየሁ ደህና ነው፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ያው ናት። የግፊት መለኪያዬን ነዳጅ መስመሩ ላይ ገጠምኩና "የዳሽቦርዱ መብራት እስኪበራ ብቻ አዙር፣ አታስነሳ" አልኩት። ሲያዞር ነዳጅ ቋቱ ውስጥ ያለው ፓምፕ ለአፍታ ዝዝዝ ብሎ ዝም አለ፣ የመለኪያው ቀስት ትንሽ ወጣና መውረድ ጀመረ፣ ፓምፑ ደክሟል ማለት ነው፣ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ገፍቶ ማድረስ አልቻለም። ቶሎ ቶሎ አስደገምኩት፣ በሦስተኛው ቀስቱ ቦታው ደረሰ፣ "በል አስነሳ!" ስለው በአንድ ነካ ተነሳች።

ያን ጊዜ ነው አያ ተገኘ ትዝ ብለውኝ ሳቄ የመጣው። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ያዞሩና "በስመ አብ" ብለው ይመልሱታል፣ ያዞሩና "ወወልድ" ብለው ይመልሱታል፣ "ወመንፈስ ቅዱስ" ብለው በሦስተኛው ነው የሚያስነሱት፣ መናኸሪያው ሁሉ ይቀልድባቸው ነበር። ለካ ሳያውቁት ደካማውን ፓምፕ ሦስቴ እያስገፉት ነው የኖሩት!

"አባትህ እኮ በጸሎት ነበር የሚያስነሷት፣ አዲስ ፓምፕ እስካገኝልህ አንተም እንደሳቸው አድርግ" አልኩት።

"ኧረ ጋሼ፣ ትርንጎ በምጥ ተይዛ እኔ ቁጭ ብዬ ሦስቴ ላማትብ? በአንድ ነካ የምትነሳ ያድርጉልኝ!"

ችኩል ነው፣ ደግ ልጅ ግን። ፓምፑን ፈልጌ ቀየርኩለት። አሮጌውን ሽቦውን ቆርጬ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፣ ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም። መኪናዋ እኔ ጋ አደረች፣ ስማቸውም እዚሁ ቆሰበር አደረ። በማግስቱ ጠዋት ስማቸው እየሮጠ መጣ፣ ትርንጎን ምጥ ይዟታል ብለው ደውለውለታል። አንዴ ነካት፣ ተነሳች፣ "እጅዎን ይባርከው ጋሼ!" ብሎኝ በአዲስ ቅዳም መንገድ ጉሙ ውስጥ ገባ።

የመኪናዋ ድምፅ ከጆሮዬ ሳይጠፋ ከኋላዬ ዝዝዝ አለ። ንብ መሰለኝ። ዝም አለና ደገመ፣ በመሀል ያለው ዕረፍት ልክ ሽማግሌ ሰው "ወወልድ" ብሎ እስኪጨርስ ነው። ዞር ስል ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ሲመጣ እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሌሊቱን በቆሰበር ብርድ ያደረ ብረት ሞቋል። ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ፣ ጉም ብቻ ነው፣ የስማቸውን ስልክ ሞከርኩ፣ ተይዟል ይለኛል፣ ደገምኩ፣ ተይዟል።

ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ከሰል የጫነ መኪና ተበላሽቶ፣ መብራት ሳያበራ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር፣ ስማቸው አላየውም። ትርንጎን ጎረቤቶቿ በባጃጅ ሐኪም ቤት አድርሰዋት ወንድ ልጅ ወለደች፣ መርዶውን የነገሯት ከዚያ ከወጣች በኋላ ነው።

ከአርባው በኋላ ልጇን አዝላ ጋራዥ መጣች። "ጋሼ፣ ከመኪናዋ የተረፈ ነገር እርስዎ ጋ አለ? ለልጁ የማሳየው" አለችኝ። ቆርቆሮውን አወረድኩላት፣ የሰማሁትን ግን ትንፍሽ አላልኩም። ፓምፑን አገላብጣ አየችና ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ።

"ነዳጅ ይገፋል፣ ቁልፍ ሲዞር ዝዝዝ ይላል" አልኳት።

ፓምፑን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰችው።

"ያን ጠዋት እየነዳ ደውሎልኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "'መጣሁልሽ፣ በርቺ' ሲለኝ ከኋላው ዝዝዝ ይላል፣ ኔትወርኩ መስሎኝ ነበር። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከዚያ ስማቸው 'አባዬ?' አለ። ሌላ አልሰማሁም።"

እኔ ስደውል ስልኩ ለምን እንደተያዘ ያኔ ገባኝ፣ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። "ጋሼ፣ አያ ተገኘ ሊያስቆሙት ነው የመጡት ወይስ ሊወስዱት?" ብላ ጠየቀችኝ።

ፓምፑን ሳትወስደው ሄደች፣ እኔም ልጥለው አልቻልኩም፣ መደርደሪያው ላይ አለ። ጉም በወረደ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ሊወጣ የሚል ደንበኛ ካለ "ቆይ፣ ሞተሩን አጥፋ" እለዋለሁ፣ የቸኮለው ይቆጣኛል፣ እኔ ግን መጀመሪያ ቆርቆሮውን አዳምጣለሁ።