የተፈታው እርካብ

ዓለምነው ሐሙስ ጠዋት ከጥርባ ሐይቅ በላይ ካለው ሜዳ ሞቶ ተገኘ። ግራ እግሩ እርካብ ውስጥ ነው፤ ፈረሱ አጠገቡ ሣር ይግጣል። ሰው ሁሉ «ፈረስ ጎትቶት ነው» አለ። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ልክየለሽ ግን እግሩን ገልጣ አየች። ውስጡ እንደ ድልድይ ከመሬት የራቀ፣ ጣቶቹ የተቆለመሙ እግር ነው። እርካቡ የላጠው ቆዳ ደም አልቋጠረም፤ እግሩ የገባው ከሞተ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሬሳ አይታለችና ምንም አልተሰማትም።

ሚስቱ እመቤት ዓይኗ ደርቋል። ባሏ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ታይቶ ነበር አለች። ሐኪሙ እግሩን በመርፌ ቢወጋው አልተሰማውም። የነርቭ ሕመም ነው፣ በዘር ይወርዳል፣ በድጋፍ ጫማ ካልሆነም በቀዶ ሕክምና ይረዳል፤ ወንድምህን ከነልጁ ይዘህ ና ብሎታል።

«እግርህ እርካብ ውስጥ ቢሰነቀርም አታውቀውም ስላለው፣ ሰኞ ሁለቱንም እርካቦች ከኮርቻው ፈትቼ ከጎታ ሥር ደበቅኋቸው» አለች።

«ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ማንም።»

ከቀብር መልስ ልክየለሽ ሰዎቹን ግቢው ውስጥ ሰበሰበች፤ እመቤትን፣ የሟቹን ወንድም ደረሰን፣ የደረሰን ሴት ልጅ ማስተዋልንና ከፋሲካ በኋላ ማስተዋልን ለወንድ ልጁ ሊድር የቆረጠውን ሽመክትን። ከጎታ ሥር የወጡትን ሁለቱንና ከሟቹ እግር የተፈታውን፣ ሦስት እርካብ መሬት ላይ ደረደረች።

«ገዳዩ ከኮርቻው ላይ እርካብ ቢያጣ የራሱን ፈትቶ አሰረ። ይህም እንደ ሟቹ እርካብ ሁሉ ለጎባጣ እግር ተቀጥቅጦ ሰፍቷል። ዘር ከልጓም ይስባል። አቶ ሽመክት ጋብቻውን ቢጠሉ ማፍረስ ይበቃቸው ነበር። ሟቹ ከሐኪም ያመጣው የዘር ሕመም ወሬ ጋብቻውን እንዳያፈርስ የሚያስፈራው የሙሽራዪቱን አባት ነው።» ወደ ደረሰ ዞረች። «ጫማዎን አውልቀው፣ እግርዎን አርጥበው ይህን ድንጋይ ይርገጡ።»

ደረሰ ሽመክትን አየ፤ ልጁንም አየ።

«ገድዬዋለሁ። ጫማዬን ግን ይተዉልኝ።»

ማንም አላለቀሰም። ማስተዋል ጫማዋን አውልቃ፣ ለቀብርተኛ እጅ መታጠቢያ በቀረበው ውሃ እግሯን ነክራ ድንጋዩን ረገጠች። ተረከዟና ጣቶቿ ታተሙ፤ መሐሉ ደረቅ ቀረ።

«አባ፣ እኔም ድንጋይ ቢቀዘቅዝ አይሰማኝም። ለእጮኛዬም ለአባቱም ከነገርኋቸው ቆየ።»

ሽመክት አንገቱን ደፋ። ልክየለሽ ካቴናውን ስታወጣ ብረቱ እጇ ላይ ቀዘቀዛት፤ አዘነች።